ደብዳቤ፣ አንድ፣ የሚስቱ

ኮቱን ከመስቀያው አውርጄ እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩና ወረቀት ነካሁ። ባለፈው ሳምንት ታሪኬን ያቆምኩላችሁ እጄን እዚያው ኪስ ውስጥ ትቼ ነው። አሁን ላውጣው።

ኮቱ የእሱ ነው። የእሱ ስል በቴሌቪዥን የሚለብሰው ማለቴ ነው። ብብቱ የሳሳ፣ ክርኑ ላይ ሌላ ቀለም ጨርቅ የተጣፈበት ግራጫ ኮት። የጣፍኩት እኔ ነኝ። አዲስ ሆኖ ሲመጣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ያስረጀሁትም እኔው ነኝ። ስቱዲዮው ውስጥ የተዋንያኑን ልብስ የምሰፋ፣ የማጥብና የምተኩስ ሴት ነኝ፤ በስሜ የሚጠራኝ የለም፣ ሁሉም «እመት መርፌ» ይሉኛል።

እሱን ደግሞ አገር ምድሩ «አባ ነገ» ይለዋል። ሐሙስ ሐሙስ በሚታየው አስቂኝ ድራማ ላይ ከሥራ የተባረረ አባት ሆኖ ይሠራል። መባረሩን ለቤተሰቡ አልተናገረም። በየማለዳው ከረባቱን አስሮ፣ ባዶ ቦርሳ ይዞ ይወጣና መናፈሻ ውስጥ ከእርግቦች ጋር ተቀምጦ ውሎ ይመለሳል። ልጁ ጫማ ስትጠይቀው «ነገ» ይላል። ሚስቱ የቤቱን በር ማን ነቅሎ እንደሸጠው ስትጠይቀው «ነገ እነግርሻለሁ» ይላል። አያትየው አልጋው ስለተሸጠ ለቀብሩ ባስቀመጠው የሬሳ ሣጥን ውስጥ ነው የሚተኛው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ክዳኑን ገርበብ አድርጎ «ማነው? ለኔ ከሆነ ገና ነኝ በሉት!» ይላል። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። እኔም እስቃለሁ፤ ግን አንዳንዴ ሳቄን መሃል ላይ አቆማለሁ። የጎደለ ቤት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁና።

ከካሜራው ውጭ እሱ ሌላ ሰው ነው። የተማረ፣ መጽሐፍ ከእጁ የማይለይ፣ መንገድ ላይ ሰው እያስቆመ የሚጨብጠው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ነው፤ እሱንም ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛ የመጣችውን ወረቀት አንብቢልኝ ስትለኝ «መነጽሬን ረሳሁት» ማለት ስለሰለቸኝ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

በሥራችን አንድ ሕግ አለ። ቀረጻ ሲያልቅ እያንዳንዱ ኪስ ይፈተሻል፣ የተገኘው ይመዘገባል፣ ከዚያ ወደ ኪሱ ይመለሳል። ዛሬ የተጀመረ ትዕይንት ከሦስት ቀን በኋላ ሊቀጥል ይችላል፤ መሐረቡ ከቦታው ከጠፋ ተመልካች አይምርም። ድሮ ሁሉንም በቃሌ ነበር የምይዘው። መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ ግን ለእያንዳንዱ ልብስ ካርቶን እየቆረጥኩ በክር መስቀያው ላይ አንጠለጥላለሁ። ዕቃው፣ ብዛቱ፣ የማን እንደሆነ። «ማበጠሪያ፣ አንድ፣ የአባት።» ካርቶኔን መጀመሪያ ያነበበው እሱ ነው።

«እመት መርፌ፣ ይሄን እርስዎ ጻፉት?»

«ካውያው አይጽፍ መቼም» አልኩት፤ አፍሬ ነው።

«ማበጠሪያ የምትለው ቃል ይህን ያህል አምራ አይቻት አላውቅም።»

ለእሱ ቀልድ ይሆናል። እኔ ግን ያን ቀን ቤቴ የገባሁት በየትኛው መንገድ እንደሆነ አላስታውስም።

እና ሚስቱ። የቴሌቪዥኗን ማለቴ ነው፤ ሌላ የለውም። ሳቋ ከኮሪደሩ ጫፍ የሚሰማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ ውብ ተዋናይ። ድራማው በታየ ቁጥር፣ አንድም ሳምንት ሳታጓድል፣ የባሏን ኮሌታ ታስተካክላለች፤ ከዚያ በዚያው ኮሌታ አንቃ ትይዘዋለች። ሰው የሚወደው ያችን ቦታ ነው። እኔ ደግሞ ካሜራው ከመነሳቱ በፊት ያንኑ ኮሌታ አስተካክላለሁ። የእሷን አገር ያያል። የእኔን ማንም አያይም።

ቅናት እንዴት ያለ ነገር ነው እባካችሁ! ረጅም ፀጉሯን ከኮቱ ትከሻ ላይ በሁለት ጣቴ አንስቼ እንደ ትል ወዲያ እጥለዋለሁ። ሽቶዋን ደረቱ ላይ ሳገኘው ኮቱን መስኮት ላይ አሰጣዋለሁ። ከዚህም የባሰ ሠርቻለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። የአረንጓዴ ቀሚሷን ወገብ በየሳምንቱ ክር ክር እያደረግኩ አጠበብኩት።

«እመት መርፌ፣ ወፈርኩ እንዴ?» አለችኝ አንድ ቀን ትንፋሿን ስባ።

ስፒሉን በከንፈሬ እንደያዝኩ «እኔ እንጃ እመቤቴ፣ ጨርቅ እንደሁ አይዋሽ» አልኳት።

ቤቴም ብገባ እረፍት የለኝም። የስምንት ዓመት ልጄ ሐሙስ ሐሙስ ቴሌቪዥኑ ሥር ትለጠፋለች።

«እማዬ፣ አባ ነገ ሚስቱን በጣም ይወዳታል አይደል? ስትጮህበት እንኳ ዓይኑ ይስቃል።»

«ትወና ነው ልጄ።»

«ዓይንም ይተውናል?»

ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ አስተኛኋት። አባቷ ዳዴ ማለት ሳትጀምር ነው ጥሎን የሄደው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ገብቶኛል፤ እኔ ስሳሳት ለሁለት ሰው ነው የምሳሳተው። ስለዚህ አፌን ዘግቼ፣ ኮሌታ እያስተካከልኩ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ድራማው ሊያልቅ ነበር። ወረቀቱን በነካሁ በማግስቱ የመጨረሻው ቀረጻ ነበር። ሦስት ግድግዳ ብቻ ያለው የጣውላ ቤት ይፈርሳል፤ እሱ ወደ ሌላ ሥራው፣ እኔም ልጄን ይዤ እህቴ ወዳለችበት ከተማ። አንድ ነገር የሚባል ከሆነ የቀረው አንድ ቀን ነው።

ወረቀቱን ያገኘሁት በዋዜማው ነበር፤ በአራት የታጠፈ። ዘረጋሁት። ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ተራርቀው የቆሙ። ለምን እንዲህ አድርጎ እንደጻፋቸው ራሴን አልጠየቅኩም። የማንም ስም የለበትም። ጣቴን ከሥር ከሥር እያስኬድኩ ማንበብ ጀመርኩ።

«በየቀኑ ኮሌታዬን ስታስተካክዪልኝ ትንፋሼን እይዛለሁ። እጅሽ ሲርቅ ደግሞ ኮሌታዬ እንደገና እንዲበላሽ እመኛለሁ። ከነገ በኋላ ይህን የምነግርሽ ቦታ አይኖረኝም…»

እዚህ ላይ ቆምኩ። ማንበብ ላይ ዘገምተኛ ነኝ፤ መወጋት ላይ ግን ፈጣን። ኮሌታ ማለት እሷ ናት፣ ልጄም ታውቃለች፣ አገሩም ያውቃል። ከሥር ሌላ መስመር ነበረ፤ ጀርባውም ላይ ተጽፏል። አላገላበጥኩትም። ለሌላ ሴት የተጻፈን ነገር እስከ መጨረሻው ማንበብ ገላን በካውያ መተኮስ ነው።

እንደነበረ አጥፌ ኪሱ መለስኩት። ሕጉ እንዲያ ነው። ካርቶኑን አንስቼ «ደብዳቤ፣ አንድ፣» ብዬ ጻፍኩ። የማን እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ ላይ ሲደርስ እርሳሴ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ «የሚስቱ» ብዬ ጻፍኩ፤ ስጫን የእርሳሱ ጫፍ ተሰበረ።

በማግስቱ ከሁሉም ሰው ቀድሞ መጣ። ፊቱን ገና አልተቀባም። በሩ ላይ ቆሞ እንደ እንግዳ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እንደምን አደሩ እመት መርፌ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ዓይኔን ከካውያው ላይ አላነሳሁም። ያልጋለ ካውያ ነበር።

«ትናንት… ኪሴ ውስጥ ያገኙት ነገር ነበር?»

«ነበር።»

«አነበቡት?»

«የምችለውን ያህል።»

ጆሮው ቀላ። ባርኔጣውን በጣቶቹ እያዞረ «እና… ምን ይሉኛል?» አለኝ።

እኔን ምክር ሊጠይቀኝ! ለሌላ ሴት ደብዳቤ ጽፎ፣ ቃላቱ አምረው እንደሆን እኔን ሊጠይቀኝ!

«ምን እላለሁ? ለምትገባው ሴት ይድረስ። እኔ ልብስ ነው የምሰፋው፣ ጌታዬ።»

ባርኔጣው መዞሩን አቆመ።

«ገባኝ» አለ። «አስቸገርኩዎት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ኮቱን ራሱ ከመስቀያው ወስዶ ለበሰ። ግራ ኮሌታው ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር። አየሁት። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን ሳልዘረጋ ቀረሁ። ሲወጣ ጀርባው የእውነት የተባረረ ሰው ጀርባ ይመስል ነበር፤ እኔም ይሄን ያህል ጥሩ ተዋናይ መሆኑን በልቤ ረገምኩ።

ብዙ ሳይቆይ ለትዕይንቱ የሚያስፈልገውን የሚያቀርበው ዕቃ ያዡ ጭንቅላቱን በበሩ አስገባ። ሁልጊዜ የሚሮጥ፣ ሁልጊዜም አንድ ነገር የሚጠፋበት ሰው ነው።

«እመት መርፌ! ደብዳቤው ኮቱ ኪስ ውስጥ አለ?»

ለካ ሁሉም ያውቃል! «አለ!» ብዬ ጮህኩበት። «አለ፣ አለ! ይድረሳትና ገላግሉኝ!»

«ምን አስቆጣሽ እቴ? አለ ካልሽ አለ ነው» ብሎ ሮጠ።

በዚያ ቀን የሚቀረጸው ምን እንደሆነ አላነበብኩም ነበር። ጽሑፉ ሃምሳ ገጽ ነው፤ እኔ አንድ ገጽ ለመጨረስ ድስት አሳርራለሁ። ለእኔ ማን ምን እንደሚለብስ ከተነገረኝ ይበቃኛል። ስለዚህ ነገሩን የሰማሁት መብራቱ ከበራ በኋላ፣ ከካሜራው ጀርባ ጨለማው ውስጥ ቆሜ፣ አዘጋጁ ለተዋናይዋ ሲያስረዳት ነው።

«ኮሌታውን ታስተካክያለሽ። እጅሽ ወደ ኪሱ ሲወርድ ወረቀት ይሰማሻል። ታወጪዋለሽ። ከስድስት ወር በፊት የተባረረበት ደብዳቤ ነው። ጮክ ብለሽ ታነቢዋለሽ። እንዳታለቅሺ! ትስቂያለሽ። ሰው እንዲያለቅስ አንቺ መሳቅ አለብሽ።»

«በቃሌ አልያዝኩትም። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል አይደል?»

«ተጽፏል፣ ኪሱ ውስጥ ነው» አለ ዕቃ ያዡ፣ እየኮራ።

የመባረሪያ ደብዳቤ? ኪሱ ውስጥ ያለው አንድ ደብዳቤ ነው። የገዛ እጄ ነው የመዘገበው። አፌ በስፒል ተሞልቶ ነበር፤ እነሱን እስክተፋ አዘጋጁ «ካሜራ!» አለ። ካሜራ ከተነሳ በኋላ ድምፅ ያሰማ ሰው ነገ አይመለስም።

በአረንጓዴ ቀሚሷ ገባች። በር በሌለው በር። የታጠፈውን ኮሌታ አየችና አስተካከለችው፤ ያን እንኳ ተውኩላት። እጇ ወደ ኪሱ ወረደ። ወረቀቱን አወጣች፣ ዘረጋች፣ አገር በሚወደው በዚያ ድምፅዋ ማንበብ ጀመረች።

«በየቀኑ ኮሌታዬን ስታስተካክዪልኝ ትንፋሼን እይዛለሁ…»

እሱ ወረቀቱን አየ። ደሙ ከፊቱ ሲወርድ ከሩቅ ታየኝ።

አዘጋጁ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተነሥቶ «ይሄ ከየት መጣ? ድንቅ ነው፣ አታቁሙ!» እያለ ያንሾካሹካል። ከሬሳ ሣጥኑ ውስጥ አያትየው ራሱን ቀና አደረገ፤ «እኔ የያዝኩት ጽሑፍ ላይ ይሄ የለም» አለ ቅር ብሎት።

እሷ ቀጠለች። አሁን ግን ድምፅዋ እየወረደ፣ የራሷ እየሆነ ነበር።

«…ከነገ በኋላ ይህን የምነግርሽ ቦታ አይኖረኝም። ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ የጻፍኩት ሳትቸገሪ እንድታነቢው ነው። ማበጠሪያ ብለሽ የጻፍሽባትን ካርቶን…»

ቆመች።

አዘጋጁንም አላየችም፣ እሱንም አላየችም። ዓይኗን በመብራቶቹ ላይ አሻግራ ጨለማው ውስጥ ፈለገችኝ። አገኘችኝም። ስፒሎቹ አንድ በአንድ ከአፌ ወለሉ ላይ እየወደቁ ነበር።

«በቃ» አለ እሱ። የአባ ነገ ድምፅ አልነበረም። «እባካችሁ፣ በቃ።»

«ማን አቁሙ አላችሁ!» አዘጋጁ ባርኔጣውን መሬት ወረወረ።

ተዋናይዋ ከጣውላው ቤት ወጥታ፣ በኬብሎቹ ላይ ተራምዳ ፊቴ ደረሰች። ወረቀቱን መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ጣቶቼን ራሷ አጠፈቻቸው።

«እህቴ፣ አንድም ቃሉ የኔ አይደለም። የቀረውን ራስሽ አንብቢው። ይሄ ሁሉ ጆሮ አይገባውም።»

ልትመለስ ዞር ስትል እጇ ወገቧ ላይ ቀረ። ቆመች። ቀሚሷን አየች፣ እኔን አየች።

«ቆይ፣ ቆይ… ስለዚህ ነው ይሄ ቀሚስ የጠበበኝ?»

መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ እያልኩ ራሴን ነቀነቅኩ።

«እኔን! ሁለት ወር ሙሉ እራት ትቼ!»

ሣጥኑ ውስጥ ያለው አያት ሳይቀር በሳቅ ፈረሰ። እኔ እንባዬ እየወረደ እስቃለሁ። «ነገ ታሰፊልኛለሽ» አለችኝ ጣቷን እያወዛወዘች። «አሁኑኑ» አልኳት። አዘጋጁ ተስፋ ቆርጦ የአሥር ደቂቃ እረፍት ሰጠ።

ወደ ልብስ ክፍሌ ሮጥኩ። እሱ ተከትሎኝ መጣ፤ ግን የበሩን ደፍ አላለፈም።

«ልሂድ?» አለኝ።

«ይቁሙ» አልኩት። ወረቀቱን አገላበጥኩ። በአስተማሪዬና በክፍል ጓደኞቼ ፊት ካልሆነ ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም። አሁን አነበብኩ፤ ጣቴን እያስኬድኩ፣ እየተደናቀፍኩ።

«ልጅሽ በቴሌቪዥን የምታየውን አባት አትፍሪው። እሱ ነገ ይላል። እኔ ነገ ማለት ሰ… ሰል… »

የተማሩ ሰዎች አንድ ነገር አለባቸው፤ ሰው ሲንተባተብ ቃሉን ከአፉ ነጥቀው ይጨርሱለታል። እሱ አልነጠቀኝም። ከንፈሩን ነክሶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ጠበቀኝ።

«…ሰልችቶኛል። ቀስ ብለሽ አንብቢው። እጠብቃለሁ።»

እዚያ ላይ አለቀ።

«እና ያ "ለምትገባው ሴት ይድረስ" ያሉኝ?»

«እሷን መስሎኝ ነዋ!»

«እሷን?» እንደ መሳቅ፣ እንደ ማልቀስ አለው። «እሷ እኮ ኮሌታዬን የምትነካው ልታንቀኝ ነው! ከሁለት ዓመት ወዲህ አንገቴ ላይ ጥፍሯ ያልቧጠጠው ቦታ የለም።»

«ኮሌታህ እንደገና ተጣሟል» አልኩት። አንተ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱም ሰማው። ደፉን ያለፈው ያኔ ነው።

እጄን ዘረጋሁ። ትንፋሹን ሲይዝ አየሁት፤ ለካ ሁልጊዜም ይዞት ኖሯል። እኔ ነበርኩ ስፒል ስለቅም ያላየሁት።

«እኔ ብቻዬን አይደለሁም» አልኩት እጄን ሳላነሳ። «ስሳሳት ለሁለት ነው የምሳሳተው።»

«አውቃለሁ። ጽፌልሻለሁ።»

«ልጄ ደግሞ የምትወደው የቴሌቪዥን ሚስትህን ነው።»

«ቀስ ብላ እኔን ታንብበኝ» አለኝ። «እሷንም እጠብቃለሁ።»

ከመስቀያው ላይ የተንጠለጠለችው ካርቶን ክንዱን ነካችው። ያዛትና አነበባት። ሁለት ጊዜ ሳያነባት አልቀረም። ምን እንደጻፍኩባት ትዝ ሲለኝ ጭንቅላቴ ጋለ፤ እርሳስ ከጠረጴዛው ላይ ነጥቄ ልሰርዘው ተንደረደርኩ።

በመዳፉ ሸፈነው።

«ተዪው» አለኝ። «ስህተት የለበትም።»

እርሳሱ እጄ ላይ ቀረ። ከውጭ አዘጋጁ «አባ ነገ! የት ነህ?» ሲል ይጣራል። «መጣሁ!» አለ እሱ፤ ኮሌታው ቀጥ ብሎ፣ ግን ዓይኑን እኔ ላይ ትቶ ወጣ። ዕቃ ያዡ የጠፋበትን የመባረሪያ ደብዳቤ ከሬሳ ሣጥኑ ሥር አግኝቶት ኖሯል፤ ቀረጻው እንደገና ተጀመረ። የተዋናይዋ ሳቅ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተሰማኝ። አሁን ኮሌታውን ያዘች። አሁን አነቀችው።

ካርቶኗን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጌ፣ ጣቴን ከሥር እያስኬድኩ፣ ሌላ ሰው እንደጻፋት አድርጌ አነበብኳት። የሚስቱ። ሁለት ዓመት ሙሉ የቀናሁባት ቃል ናት። አሁን ግን አልቀናሁባትም።